ስድቡን ዝጉልን ከማለታችን በፊት



ባለፈው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ እዚህ ሃና አንድ ወጣት ወንድማችን ሞባይሉን አውጥቶ አሳየን። በውዱ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሚሳለቅ፣ የቁርኣንን መልእክት የሚያጣምም ጽሑፍ ነው። ከሆነ ድረ ገጽ ተቀድቶ፣ በሚሞሪ ካርድና በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ሰላማጎ ደርሷል። ልጁ እንባ እየተናነቀው “መንግስት እንዲህ ያለውን ለምን አይዘጋልንም?” አለ። በዙሪያው የነበርነውም አብዛኞቻችን “እውነቱን ነው” አልን።

ቁጣው ተገቢ ነው። ነብዩ ሲሰደቡ የማያመው ሰው ኢማኑን ይፈትሽ። ጥያቄው ግን ደግመን ልናስብበት ይገባል። “ዝጉልን” የምንለው ማንን ነው? እስከ ዛሬስ የዘጋው ማንን ነው?

በ2004 እና በ2005 በአገራችን ኢንተርኔት ይገባ የነበረው በአንድ በር፣ በመንግስቱ ኢትዮ ቴሌኮም በኩል ነበር። አልጀዚራ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2/2012 ስለ ሰላማዊ ተቃውሟችን ዘገባ አወጣ። በጁላይ ወር ከኢትዮጵያ የእንግሊዝኛ ድረ ገጹ 50,000 ጊዜ ያህል ተከፍቶ ነበር፤ በሴፕቴምበር 114 ጊዜ ብቻ ተከፈተ። የአረብኛው ደግሞ ከ5,371 ወደ 2 ወረደ። አዎ፣ ሁለት! ቁጥሩን በመጋቢት 2005 ይፋ ያደረገው ጣቢያው ራሱ ነው። የሙስሊሙን ጥያቄ የሚያስተጋቡ የፌስቡክና የብሎግ ገጾችም በዚያው ክረምት እንደተዘጉ ወንድሞችና እህቶች ሲናገሩ ሰምተናል። “የሙስሊሞች ጉዳይ” መጽሔት አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸው በሐምሌ 2004 ታሰረ፤ በጥር 2005 ደግሞ ሰለሞን ከበደ ተከተለው።

ከዚያስ? ጥር 28/2005 ኢቲቪ “ጅሃዳዊ ሐረካት”ን አሳየ። ጉዳያቸው በወቅቱ ገና በፍርድ ቤት እየታየ የነበረ የመፍትሄ አፈላላጊ ኮሚቴ አባሎቻችን ፍርድ ሳይሰጥባቸው በሽብር ተስለው በየቤቱ ገቡ። የባዕድ አገር ድረ ገጽ የሚደርሰው ስልክና ኔትወርክ ላለው ሰው ነው። የመንግስት ቴሌቪዥን ግን ሻይ ቤቱም፣ ቀበሌውም፣ ጎረቤትም ጋ ይደርሳል። እኛ መልስ የምንሰጥበት ገጽ ደግሞ ያኔ ተዘግቶ ነበር። እንግዲህ ቁልፉ በማን እጅ እንደነበረና በማን ላይ እንደዞረ ከዚህ እንረዳ።

ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። እኛ አደባባይ የወጣነው መንግስት አህባሽን በግድ እንዳይጭንብን፣ መጅሊሳችንን ራሳችን እንድንመርጥ፣ አወሊያም በነጻ ቦርድ እንዲተዳደር ነው። ባጭሩ ያልነው “መንግስት በዲናችን ጣልቃ አይግባ” ነው። ታዲያ ይኸው መንግስት ስለ እስልምና ከተጻፈው የቱ ይነበብ፣ የቱ አይነበብ ብሎ እንዲወስን ራሳችን ከጋበዝነው ምን ቀረን? ዛሬ የነብዩን ተሳዳቢ ይዘጋ ይሆናል። ነገ ደግሞ አህባሽን በማስረጃ የተቸ ኡስታዝ “እስልምናን ሰደበ” ተብሎ ይዘጋል። መስፈሪያውን የሰጠነው እኛው እንሆናለን።

“ሙስሊም አገሮችስ ዘግተው የለ?” የሚል ይኖራል። ፓኪስታን ነብዩን በሚያንቋሽሸው ፊልም ምክንያት በመስከረም 2005 ዩቲዩብን ዘጋች። ከፊልሙ ጋር ግን የቁርኣን ቂርኣቱም፣ የዑለማው ደርስም አብሮ ተዘጋ። ያ ፊልም ኢንተርኔት ላይ ከተለቀቀ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነበር። ዓለም ያወቀው አንድ የግብጽ ሃይማኖታዊ ቴሌቪዥን ቅንጭቡን ካሳየው በኋላ ነው። አሰራጩ የእኛው ቁጣ ሆነ ማለት ነው።

ስድብ ያለ ጠያቂ ይቅር እያልን አይደለም። በሃይማኖት ላይ በአደባባይ የሚሰነዘር ስድብን የሚመለከት ድንጋጌ በወንጀል ህጉ አለ። አገር ውስጥ ሆኖ የተሳደበ ካለ ክስ ይመስረትበት፤ ችሎት በግልጽ ይየው፤ ተከሳሹም ይከራከር። የምንቃወመው ማን እንዳዘዘው የማይታወቅ፣ ይግባኝ የማይባልበት የጓዳ መዝጋትን ነው። ህገ መንግስቱም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ አናሰራጭ። “እዩ፣ ምን እንዳሉ!” እያልን የምንልከው እያንዳንዱ ብሉቱዝ የተሳዳቢውን ስራ ይሰራለታል። ያየነውን እናጥፋው፤ ጥያቄ ከፈጠረብን ወደሚያውቅ ሰው እንውሰደው።

ሁለተኛ፣ በእውቀት እንመልስ። ቁረይሾች ነብዩን ገጣሚ፣ ድግምተኛ፣ እብድ ብለዋቸዋል። አላህ ይህን ክስ ከቁርኣን አላስቀረውም፤ ከነመልሱ እስከ ዛሬ እንቀራዋለን። በግጥም ሲሰድቧቸው ደግሞ ሐሳን ቢን ሳቢት (ረ.ዐ) በግጥም መለሰ፤ ነብዩም በመስጂዳቸው ሚንበር አዘጋጁለት። የዛሬው ሚንበር የቁርኣን ቤቱ፣ የጁሙዓው ኹጥባና ያው ሚሞሪ ካርድ ነው። ስድቡ ሃና የደረሰበት መንገድ ለመልሱም ክፍት ነው። በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ የተቀዳ አጭር ደርስ በዚያው መንገድ ይጓዝ።

ሦስተኛ፣ ድረ ገጹንና ጎረቤታችንን አንቀላቅል። በደቡብ ኦሞ ከኦርቶዶክሱ፣ ከፕሮቴስታንቱ፣ የአባቶቹን እምነት ከያዘውም ጋር ገበያና ለቅሶ አንድ ላይ ነን። ባህር ማዶ ተቀምጦ የሚሳደብ ሰው ጽሑፍ የእነሱ ቃል አይደለም። እኛም የሌሎችን እምነት እንዳንሰድብ በሱረቱል አንዓም ተከልክለናል። ተሳድቦ የመለሰ ሰው ትግላችንን “አክራሪ” ለማለት ለሚጠብቁት ምስክር ይሆንላቸዋል።

የዚያን ልጅ እንባ አልናቅነውም። ነገር ግን ጥያቄው ይቀየር። “የእነሱን አፍ ዝጉልን” አንበል፤ “የእኛን ክፈቱልን” እንበል! አንደበቱ ያልታሰረ ሙስሊም ለስድብ መልስ አያጣም።

አላህ በእውቀትና በሰብር ያጽናን። አሚን!

ድምፃችን ይሰማ!