«ውሸት ነው!» ከማለታችን በፊት

በቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የነበረውን የድሮ ሲኒማ የአራዳ ሰው «ሰይጣን ቤት» ይለው ነበር፤ ሥዕል ሲንቀሳቀስ አይቶ አያውቅማ! እኛ ደግሞ ሦስት የሩቢክ ኪዩቦችን እየወረወረ፣ እየቀለበ የሚፈታ ልጅ በቪዲዮ ስናይ «ውሸት ነው!» ብለን እናልፋለን።

መጠርጠሩስ ደግ ነው። የተስተካከለውን ኪዩብ እየቀለቡ አዘበራርቆ ፊልሙን ወደ ኋላ ማጫወት ይቻላል፤ የተወረወረ ዕቃ አወጣጡና አወራረዱ ስለሚመሳሰል ዓይን ይታለላል። ታዲያ ከበስተጀርባ ያለውን እንይ፦ ሰው የኋሊት ይራመዳል? ሰዓቱስ ወደ ኋላ ይቆጥራል?

ቻይናዊው ቹዌ ጂያንዩ እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ13 ዓመቱ፣ ሦስቱንም በ5 ደቂቃ ከ6 ሴኮንድ ፈትቶ ጊነስ መዝግቦለታል።

ነገ ተማሪ «ቲቸር፣ እውነት ነው እንዴ?» ሲለን «ና አብረን እንመርምር» እንበለው። ሳይመረምሩ «ውሸት» ማለት «ሰይጣን» ከማለት አይሻልም።