ጨጓራን የሚያሳንስ ቀዶ ሕክምናና የስኳር ሕመም

በ18 ማዞሪያና በአጠና ተራ ያላችሁ የሰፈሬ ሰዎች መድኃኒት ልትገዙ ስትመጡ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ፤ «ጨጓራ ሲቆረጥ ስኳር ይጠፋል ይባላል፤ እውነት ነው?» ለዚሁ ብሎ ገንዘብ አዋጥቶ ቱርክ ወይም ሕንድ ሰው የሚልክ ቤተሰብ ስላለ በቸልታ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

በብዛት የሚሠሩት ሁለት ናቸው። «ስሊቭ» በሚባለው ከጨጓራው ሦስት አራተኛ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ የወጣው አይመለስም። «ባይፓስ» ግን ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ብቻ አስቀርቶ ዝቅ ካለው የትንሹ አንጀት ክፍል ጋር ያገናኛል። ምግብ የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ስለሚያልፍ ብዙ ጊዜ ክብደት ገና ሳይቀንስ ስኳሩ በቀናት ውስጥ ይወርዳል።

«ይጠፋል» የሚለውን ቃል ግን አልወደውም። በአሜሪካ ክሊቭላንድ በ150 ሕመምተኞች ላይ የተሠራ ጥናት የአምስት ዓመት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው 6 በመቶና ከዚያ በታች የሆነላቸው በባይፓስ 29፣ በስሊቭ 23፣ በመድኃኒት ብቻ 5 በመቶ ነበሩ። ቀዶ ሕክምናው ከመድኃኒት ብቻ በግልጽ ይበልጣል፤ ሆኖም አብዛኞቹ እዚያ ልክ አልደረሱም። ስኳሩ ከያዘው ብዙ ዓመት የሆነውና ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ ተስፋው ያንሳል። ለእንዲህ ያለ ሰው ቤት መሸጥ አልመክርም።

ለስኳር ብቻ ከታየ ባይፓስ ይሻላል። እኔ ግን ክትትል የማያገኝ ሰው ባይፓስ ባይሠራ እመርጣለሁ። ዕድሜ ልኩን ቢ12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ መውሰድ፣ ደሙንም መመርመር አለበት። ለወገብ ሕመም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምትገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በተሰፋው ቦታ ላይ ቁስል ሊያመጣበት ይችላል። በኢፍጣር ሰዓት ቴምር ደራርቦ ጣፋጭ ጭማቂ ቢጨምርበት ልቡ ሊመታ፣ ሊያልበው፣ ሊያዞረው ይችላል። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን በድሮው መጠን ከቀጠለ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ስሊቭም ቫይታሚንና ክትትል ይፈልጋል፤ ቃር ላለበት ሰው ደግሞ ቃሩን ሊያባብስበት ይችላል።

ለማን ነው ካላችሁ፣ የዘርፉ ዓለም አቀፍ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት መመሪያ ስኳር ላለበት ሰው የክብደትና የቁመት ምጣኔው 30 ሲደርስ ይመክራሉ። ቁመቷ 1.60 ሜትር ለሆነ እናት 77 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። በአገራችን ብዙ የሆነውን ቀጭን የስኳር ሕመምተኛ ግን አይመለከተውም።

ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት «ስመለስ የሚከታተለኝ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የተሠራላችሁ ደግሞ፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን ስለ ጾሙ አማክሩ። የቀዶ ሕክምናውን ወረቀትም አትጣሉት፤ የራስ ምታት ክኒን ለመግዛት እንኳ ስትመጡ ይዛችሁት ኑ።