ወደ ሮማ ለሚሄዱ ቤተ ሰቦች

በልደታ ማርያም አጥቢያ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን በዚህ ክረምት ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋራ ወደ ሮማ ከተማ ሊሄዱ አስበው፥ «ለልጆቹ ከየትኛው እንጀምርላቸው?» ሲሉ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠየቁን። ጥያቄው የብዙ ቤተ ሰብ ጥያቄ ስለ ሆነ መልሱን በዚህ ገጽ ላይ ለመጻፍ ወደድን። ቀድሞ ቦሌ ሳይሠራ አይሮፕላን የሚነሣው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ነበርና፥ የሰፈራችን ሰው መንገደኛ ሲሸኝ የኖረ ነው፤ ለመንገደኛ ምክር መስጠትም እንደ ውርስ ሆኖብናል። ወይዘሮዋ ግን አስቀድመው አስጠነቀቁን፤ «ልጆቹ የሚሄዱት ለደስታ ነውና የጦርነቱን ነገር ተዉልን» አሉ።

ኮሎሴዎ የተባለውን ታላቅ የትርዒት ቦታ ማንም ሳያየው አይመለስምና ስለ እርሱ ብዙ አንጽፍም። ቄሣር ቬስፓስያኖስ አስጀምሮት፥ ልጁ ቲቶ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ80 ዓ.ም. መረቀው። የሐምሌና የነሐሴ ፀሐይ በዚያ አገር ብርቱ ስለ ሆነ በማለዳ መሄድ ይሻላል። በየመንገዱ ዳር ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ያለ ማቋረጥ ይፈሳልና ለልጆች ባዶ ጠርሙስ መያዝ ይበቃል። ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ትከሻንና ጉልበትን መሸፈን ግዴታ ስለ ሆነ፥ ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አይርሱ።

ልጆቹን ይልቁንም የሚያስደንቃቸው ፓንቴዎን የተባለው ነው። እንደ አገራችን ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፤ ነገር ግን የእኛው ጣራ በግንብና በምሰሶ ተደግፎ ሲቆም፥ የዚህ ጣራ ስፋቱ 43 ሜትር ሆኖ ሳለ ከሥሩ አንድም ምሰሶ የለውም። ከመካከሉ ላይ 9 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክፍት አለ፤ ዝናም ሲዘንም ወደ ውስጥ ይገባል፥ ወለሉም ውሃውን የሚያወርድባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ከቄሣር ሐድርያኖስ ዘመን ጀምሮ እንዲሁ ቆሟል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ609 ዓ.ም. የእመቤታችንና የሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ እንደ ሌሎቹ አልፈረሰም።

አሁን ወይዘሮዋ ወደ ከለከሉን ነገር መድረሳችን ነው። በሮማ የሚያይ ዓይን ያለው ልጅ ራሱ መጠየቁ አይቀርምና ዝም ማለት የሚቻል አይመስለንም። በከተማይቱ 13 የጥንት ሐውልቶች ቆመዋል፤ ከእነዚህም 8ቱን ቄሣሮች ከግብጽ ያመጡአቸው ናቸው። በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ መካከል ያለው እንኳ የግብጽ ነው። ከኮሎሴዎ አጠገብ ባለው በቲቶ የድል በር ላይ ደግሞ፥ የሮማ ወታደሮች ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ሰባቱን መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ በድንጋይ ተቀርጾ ይታያል። ልጁ «የማን ነው? ለምን እዚህ መጣ?» ብሎ ቢጠይቅ አባቱ ምን ይመልስለታል?

ከዚያ የድል በር በእግር ጥቂት እንደ ተሄደ ፖርታ ካፔና የተባለው አደባባይ ይገኛል። እኔ በ1990 ዓ.ም. በመንግሥት ሥራ ሄጄ ሳለሁ የአክሱም ሐውልታችን በዚያ ቆሞ ነበር። አውቶሞቢሎች በዙሪያው ሲሽከረከሩ፥ ቁመቱ 24 ሜትር የሆነው ያ ድንጋይ በጢስ ጠቁሮ አየሁት፤ ፎቶግራፍ ላነሣ አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። ጠላት በ1929 ዓ.ም. ከወደቀበት ቆራርጦ በምጽዋ ወደብ በመርከብ አሻግሮት ነበር። በየካቲት 1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የዕርቅ ውል በ18 ወር ውስጥ ይመለስ ብሎ ቢያዝም፥ መመለሱ 58 ዓመት ፈጀ። በግንቦት 1994 ዓ.ም. መብረቅ መታው፤ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአይሮፕላን አክሱም ገባ፤ በነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ተመረቀ።

በ2010 ዓ.ም. ሴት ልጄን ይዤ እንደ ገና ወደዚያ ስፍራ ሄድሁ። እርስዋም ወዲያና ወዲህ ተመልክታ፥ «አባባ፥ እዚህ ምንም የለም እኮ!» አለችኝ። እኔም ያመጣኋት ይህንኑ ላሳያት እንደ ሆነ ነገርኋት። ሳቀች፤ ቀጥላም ፎቶግራፍ አንሺኝ አልኋት።

በባቡር ጣቢያው አቅራቢያ በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ በዶጋሊ ላሸነፉአቸው 500 የኢጣልያ ወታደሮች የቆመ መታሰቢያ አለ፤ ይህም ሐውልት ራሱ ከግብጽ የመጣ ነው። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ዘመን በዚህ መታሰቢያ ሥር ተቀምጦ ነበር። በሰኔ 1930 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ የተባለው የኤርትራ ተወላጅ በፊቱ ተንበርክኮ አለቀሰ፤ ሊከለክሉት በመጡም ጊዜ ጎራዴውን መዘዘ። ታስሮ ሳለ በ1937 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር ሞተ። አንበሳው ግን ተመልሷል፤ የወዳጃችን ልጆች በለገሀር ሲያልፉ አይተውታል።

ለወይዘሮዋ ደስታ የሚሆን አንድ ስፍራ በመጨረሻ እንጠቁማለን። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ የሐበሾች የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለች። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተሰጠች። በግዕዝ ፊደል በመጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ፥ መዝሙረ ዳዊት፥ ከእነዚህ መነኮሳት ፊደላችንን የተማረ አንድ ጀርመናዊ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1513 ዓ.ም. በዚችው ከተማ ያሳተመው ነው። ከደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮንም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1548ና በ1549 ዓ.ም. ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳትመዋል፤ የተቀበሩትም በዚያው ነው። አታሚዎቹ ፊደላችንን ማንበብ አይችሉም ነበርና መነኵሴው ስለ ግድፈቱ አንባቢውን ይቅርታ ጠይቀዋል። ይህ ጽሑፍ እየተጻፈ ይህን ማሰባችን አልቀረም።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለ ሆነች ማንም እንደ ወደደ አይገባባትም፤ ፈቃዱን ከመነሣት በፊት በደብዳቤ መጠየቅ ያስፈልጋል።