ዓባይን የሚወጣውን መኪና ለዩልን!

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር አስጨንቆኛል አለ። እውነቱን ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ጎበዝ፣ ከልካዮቹ መኪና ሲሉ ከቦሌ አራት ኪሎ የሚመላለሰው ብቻ ነው እንዴ የሚታያቸው?

እኔ አምበር ዘመድ አለኝ። ከአዲስ አበባ አምበር የሚሄድ ሰው ዓባይን ይሻገራል። ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል። ደጀን ሲደርስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። ቻርጅ ማድረጊያው ደግሞ አብዛኛው አዲስ አበባ ተከማችቷል። ሰውና ዕቃ ጭኖ 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቁልቁለቱ ከፊሉን ይመልሳል እንጂ ሁሉን አይመልስም።

ለዚህ መንገድ የሚሆን መኪና አለ፤ ጄኔሬተር ያዘለ የኤሌክትሪክ መኪና። ጎማውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ የቤንዚኑ ሞተር ሥራ ኤሌክትሪክ ማመንጨት ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ቤንዚን ሳይነካ ይውላል፤ ሩቅ ሲሄድ ግን መንገድ ላይ አይቀርም።

ይሁንና ሁሉም አንድ አይደለም። የጀርመኑ ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው አይ3 የተገጠመለት 647 ሲሲ የስኩተር ሞተር ነበር፤ ታንኩም 10 ሊትር አይሞላም። አሜሪካ ውስጥ የካሊፎርኒያን ደንብ ለማሟላት ሲባል ሞተሩ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ብቻ እንዲነሳ ተደረገ። ረጅም ዳገት ላይ መኪናው አቅም አጣ፤ ባለቤቶቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ፍርድ ቤት ሄዱ። ያው መኪና አውሮፓ ውስጥ ባትሪው ከ75 በመቶ ሲወርድ ሾፌሩ ራሱ ሞተሩን ማስነሳት ይችል ነበር። ዋናው ልዩነት ይህች ናት! የቻይናው ሊ ኤል9 በተቃራኒው 1.5 ሊትር ቱርቦ ሞተርና 65 ሊትር ታንክ ይዞ መጣ፤ ዳገት አያስፈራውም፤ ግን ባትሪም ሞተርም ተሸክሞ ከ2 ቶን ተኩል አያንስም፤ ዋጋውም ለእኔ ቢጤ አይደለም።

የእኛ ደጋ ሌላ ጣጣ አለው። 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ካታሎግ ላይ የተጻፈውን አምኖ መግዛት አያዋጣም።

ቤንዚኑስ ከየት ይምጣ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ በጀሪካን በእጥፍ የሚገዛበት ጊዜ አለ። መብራትም ይጠፋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በጎጃም ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ስንቱ መንገደኛ ያለበት አድሯል! መብራት ሲጠፋ በቤንዚን፣ ቤንዚን ሲጠፋ በመብራት የሚሄድ መኪና ለዚህ አገር ቅንጦት ነው?

ትራንስፖርት ሚኒስቴር ይህን ዓይነቱን መኪና ከነዳጅ መኪና ለይቶ በግልጽ ጽፎ ይፍቀድ። ሾፌሩ ከዳገቱ በፊት ባትሪውን መሙላት የማይችልበትን ግን አያስገባ። ፈተናውም ቦሌ አስፋልት ላይ አይሁን፤ አምስት ሰው ከነሻንጣው ተጭኖ፣ ባትሪው ጎድሎ፣ ከዓባይ ድልድይ ደጀን ድረስ ይሁን።