የልብ ምታችን ሲጨመቅ ምን ይጠፋል?



በቴሌግራም ፎቶ ስትልኩ ጥራቱ ወረድ ሲል አይታችኋል አይደል? ቶሎ እንዲደርስ አፑ ስለሚጨምቀው ነው። ለልደት ፎቶ ችግር የለውም። የልብ ምርመራ ላይ ሲሆን ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሆልተር የሚባለው መሣሪያ ደረት ላይ ተለጥፎ ለ24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የልብን ኤሌክትሪክ ይቀዳል። በሰከንድ 250 ጊዜ ቢለካና ለእያንዳንዱ ልኬት 2 ባይት ቢይዝ፣ በአንድ መስመር ብቻ በቀን 43 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ለስልካችሁ ይሄ ምንም አይደለም። በትንሽ ባትሪ ለቀናት እየሠራ ዳታውን ያለ ገመድ ለሚልክ መሣሪያ ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ይጨመቃል።

መጭመቅ በራሱ መጥፎ አይደለም። በሳምንት አንዴ ብቻ ብቅ የሚል የልብ ምት መዛባት በ24 ሰዓት ቅጂ ላይ ላይገኝ ይችላል፤ ረጅም ቅጂ ያስፈልገዋል። ግን አጨማመቁ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ዚፕ ፋይል ሲፈታ ምንም ሳይጎድል ይመለሳል። ሌላው "አያስፈልግም" ያለውን ይጥላል፤ በጣም ያሳንሳል፣ የጣለው ግን አይመለስም።

የኔ ጥያቄ፦ የማያስፈልገውን የወሰነው ማነው?

ኢሲጂ ላይ ጎልቶ የሚታየው ሹል ሞገድ የታችኛው የልብ ክፍል ነው። ከሱ ቀድማ ፒ የምትባል ትንሽ ጉብታ አለች፤ እሷ የላይኛው ክፍል ናት። ትልቁ ሞገድ በደንብ ከተያዘ "አማካይ ስህተቱ ትንሽ ነው" ይባላል፤ ፒ ብትደበዝዝ ቁጥሩ ላይ ብዙም አይታወቅም። ለሐኪም ግን ትልቅ ነገር ነው። ለስትሮክ የሚያጋልጠው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን አንዱ ምልክቱ የፒ አለመኖር ነው። ፒ ኖራ ትልቁ ሞገድ ሳይከተላት ሲቀር ደግሞ የልብ የኤሌክትሪክ መስመር መዘጋት ሊሆን ይችላል፤ ፔስሜከር የሚያስፈልገውም አለ።

በኔ እምነት የጤና ተቋማት መሣሪያ ሲገዙ "ስንት ቀን ይቀዳል?" ብቻ ሳይሆን "ምን ይጥላል?" ብለውም መጠየቅ አለባቸው። ጤናማ የሚመስለው ሰዓት ይጨመቅ። ምቱ የተዛባበትና ታካሚው "አሁን አመመኝ" ብሎ ቁልፍ የተጫነበት ደቂቃ ግን እንዳለ ይቀመጥ።

እናንተስ?
👉 ስማርት ሰዓታችሁ ኢሲጂ ካነሳ፣ የምት ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሞገዱን ራሱን ለሐኪም አሳዩ።
👉 የኢሲጂ ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ ፋይል አድርጋችሁ ላኩ፤ ያኔ አይጨመቅም።
👉 ራስን መሳት ወይም የደረት ሕመም ካለ፣ ሰዓቱ "ደህና ነህ" ቢልም ቶሎ ሆስፒታል ሂዱ። የ30 ሰከንድ ቅጂ የልብ ድካምንም ሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመምን የለም አያስብልም።

ጤናችሁ ይብዛ!