ሳይቃጠል በቅጠል

«የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ዛፍ ምን አገባችሁ?» ተባልን። እንዲህ ያሉን ለመጪው ክረምት በግቢያችን የሚተከለውን ችግኝ ሲመርጡ የሰነበቱ ጓደኞቻችን ናቸው። መመዘኛቸው አንድ ብቻ ነው፤ «ያምራል!» የለም፣ ያገባናል! ስለ ውበት ስንማር የምንውል ሰዎች ውበት ብቻውን ምስክር እንደማይሆን እናውቃለን።

እስቲ በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችውን የታሂቲን ደሴት እንይ። ሚኮኒያ የሚባለው የአሜሪካ ሞቃት አገሮች ዛፍ እዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1937 ለጌጥ ነበር። ቅጠሉ ሰፊ፣ ጀርባው ሐምራዊ፤ በእርግጥም ያምራል። በ4 ወይም በ5 ዓመቱ ያፈራል፤ ፍሬውን ወፍ ይለቅምና ዘሩን በየተራራው ይበትነዋል። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ዛፉ የደሴቲቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ወረረ። ከጥላው ሥር የአገሩ ተክል ብርሃን አጥቶ ይመነምናል። ጎጂ ነው ተብሎ የታወጀው በ1990 ነው፤ ከ53 ዓመት በኋላ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

«ታሂቲ ሩቅ ናት» ትሉን ይሆናል። እምቦጭስ? እሱም ከአገሩ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስላማረ ነው። ከ2011 ወዲህ ጣና ላይ ያደረሰውን የሐይቁን ዓሣ አስጋሪዎች ጠይቁ።

ከውጭ የመጣ ሁሉ ጠላት ነው አላልንም። በርበሬም በቆሎም የመጡት ከአሜሪካ ነው፤ ያለ በርበሬ ምን ወጥ አለ? የምንለው፣ እንግዳ ሲገባ ይጠየቅ ነው። አውስትራሊያ ከ1997 ጀምሮ ለአዲስ ተክል 49 ጥያቄዎች አዘጋጅታለች። ሌላ አገር ወርሯል ወይ? አየሩ ይስማማዋል ወይ? ዘሩን ወፍ ይወስደዋል ወይ? በስንት ዓመቱ ያፈራል? መልሱ በነጥብ ይደመራል። ከ6 በላይ ያገኘ አይገባም፤ ከ1 በታች ያገኘ ይገባል፤ መካከል ላይ የቀረው እንደገና ይጠናል። ይህ ምን ይከብዳል?

ስለዚህ የባዮሎጂ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ጥያቄዎቹን አምጡልን፤ አብረን እንመልስ። እስከዚያው መልስ ያልተገኘለት ችግኝ ጉድጓድ አይግባ። የግቢያችን አጥር ለእኛ እንጂ ለወፍ አልተሠራም!