የጀልባዋ መስኮት በካርቶን አይደፈን

የዛሬው ሐሳቤ በትምህርት መርጃ ክፍላችን ስላለችው ጀልባ ነው። «ስንት ችግር እያለ ስለ አሻንጉሊት ጀልባ ይጻፋል ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ይጻፋል ባይ ነኝ።

ጀልባዋን ላላያችሁ፣ ከባሕር ዛፍና ከቆርቆሮ የተሠራች፣ ከላይ የካፒቴን ክፍል ያላት የሞተር ጀልባ ናት። የሠሯት ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች ናቸው። የፊት መስታወቷ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነበር፤ ተሰነጠቀና ወደቀ። በቦታው ካርቶን ተለጠፈ። አሁን ደግሞ አስጠላች ተብላ ከተሰባበሩት ወንበሮች ጋር ትውጣ እየተባለ ነው። በዚህ አልስማማም።

እኛ ኮሶዬ ላይ ከገደሉ አፋፍ ሆነን ቆላውን ቁልቁል እናያለን እንጂ ሐይቅ በደጃችን የለም። ጎርጎራ ወርዶ ጣናን ያየ ከክፍላችን ጥቂት ልጅ ነው። ጣና ነሽ 2 ከጅቡቲ በመኪና ተጭና ባሕር ዳር ስትገባ እንኳ ያየናት በስልክ ነው። ትንንሾቹ ልጆች ስለ መጓጓዣ ሲማሩ ከሥዕል ሌላ የሚያዩት ይህችኑ ጀልባ ነው። መስኮቷ ደህና በነበረ ጊዜ እየተጋፉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ወንበሮቹንና መሪውን ያዩ ነበር። ካርቶን ለማየት ግን ማን ይጋፋል?

«መለዋወጫ የለውም» ይባላል። እውነት ነው፤ ጎንደር ድረስ ብትሄዱ የአሻንጉሊት ጀልባ መስኮት የሚሸጥ ሱቅ አታገኙም። ግን ሃይላንድ አለ እኮ! ወደ ሰሜን ተራሮች የሚያልፍ የቱሪስት መኪና ሲታይ ልጆች «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ የሚሮጡት ለዚሁ ፕላስቲክ አይደል? ደህናው ለውኃና ለዘይት ስለሚፈለግ እሱን አንንካ። የተቀደደው ግን መንገድ ዳር ወድቆ ይገኛል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ እንጨት በመስታወቱ ቅርጽ ይጠረብና በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ይለሰልሳል፤ የቢላዋ ምልክት ከቀረ ፕላስቲኩ ላይ ይታተማልና። ከዚያ የፕላስቲኩ ቂጥ ተቆርጦ እንጨቱ ይገባል። ክፍተት ካለ ሽብልቅ ይጨመራል፣ ምክንያቱም ፕላስቲኩ የሚኮማተረው ትንሽ ነው። ቀጥሎ የፈላ ውኃ ቀስ እየተባለ ይፈስበታል። ያኔ ፕላስቲኩ ተኮማትሮ እንጨቱን እንደ ካልሲ ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ሲቀዘቅዝ በመቀስ ቆርጦ ማውጣት ነው።

በነገራችን ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለን የተማርነው በባሕር ጠለል ላይ ነው። የእኛ አገር ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃችን የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ግን ይበቃል፤ ይህ ፕላስቲክ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ባለው መካከል መለስለስ ይጀምራል። በእሳት ላድርገው የሚል ካለ ይተወው። እሳት ያቃጥለዋል፣ ጭሱም ለጤና መጥፎ ነው፤ ባይቃጠል እንኳ ሙቀት ሲበዛበት እንደ ወተት ይነጣል። ሱፐር ግሉም እንደዚያው በዙሪያው ነጭ ጉም ይተዋል። ስለዚህ ጠርዙን በቀጭን ቆርቆሮ ይዞ በትንንሽ ሚስማር መምታት ይሻላል።

አንዳንድ መምህራን «ልጆች በፈላ ውኃ ይቃጠላሉ» ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ታዲያ ውኃውን መምህር ያፍስሱት፣ ጠረባውንና መቁረጡን እኛ እንሥራ። በሙያ ትምህርት ስለ እጅ ሥራ ደብተር ሙሉ ከምንገለብጥ ይህን አንድ ቀን ብንሠራው ይሻለናል። አንድ ጊዜ የተጠረበው እንጨት ደግሞ ይቀመጣል፤ መስኮቱ እንደገና ቢሰበር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሌላ ይወጣል። ካርቶን ግን በሰበሰበ ቁጥር ሌላ ካርቶን ነው።

ርዕሰ መምህራችንን የምለምነው ጀልባዋ ከክፍሉ ሳትወጣ ሁለት የክበብ ሰዓት እንዲሰጡን ነው። ማንቆርቆሪያ ከመምህራን ሻይ ክፍል እንዋሳለን። የተቀደደ ፕላስቲክ ያላችሁ ለክበባችን አምጡ፤ ጎኑ የተሸነሸነው አይሆንም። የለስላሳ መጠጡ ይሻላል፣ እንደ ስሙ ጎኑ ለስላሳ ነው።